የጀልባ ሞተር ጩኸትና ንዝረት፦ ገንዘባችሁን ምን ላይ ብታውሉ ይሻላል?

የጀልባዬ ሞተር ጮኸብኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ስፖንጅ ነው። የትኛው ዓይነት ይሻላል፣ ስንት ሳንቲ ይወፍር፣ በምን ይለጠፍ? ስፖንጅም ቦታ አለው፣ እንመጣበታለን። ነገር ግን የተጣመመ ሻፍት (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ጀልባውን በሙሉ እየናጠ ስፖንጅ መለጠፍ ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው። ቅደም ተከተሉ ከዕቃው ዓይነት ይበልጣል። እኔ የማምነው ይህንን ነው፣ ከታች ያለው ንጽጽርም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

የጻፍኩት በዋናነት ጣና ላይ ሰው ለሚያመላልሱ የናፍጣ ጀልባዎች ነው። ሐዋሳ፣ ዝዋይና ጫሞ ላይ ከኋላ በሚንጠለጠል ሞተር ለምትሠሩም ወደ መጨረሻው የሚሆናችሁ ነገር አለ። ትልልቅ መርከብ ላይ የምትሠሩትንም አልረሳኋችሁም።

በመጀመሪያ፣ ስንት ድምፅ ነው «በዛ» የሚባለው? የባሕር መርከቦች መለኪያ አላቸው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት (አይ ኤም ኦ) የድምፅ ደንብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 ጀምሮ 1,600 ጠቅላላ ቶንና ከዚያ በላይ ለሆኑ አዳዲስ መርከቦች ግዴታ ሆኗል። የሠራተኛ መኝታ ክፍል ከ60 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፣ 10,000 ቶንና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ ከ55። መርከቡ የሚመራበት ክፍል 65፣ የሞተር ክፍል ውስጥ እስከ 110። የእኛ ጀልባዎች በዚህ ደንብ ሥር አይደሉም፣ ግን ልብ በሉ፦ አንድ ካፒቴን መሪውን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ 65 መሆን አለበት ተብሎ በታሰበበት ዓለም፣ የኛ ነጂ ከሞተሩ አንድ ሜትር ርቆ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

መለኪያ ከሌላችሁ ቀላል ዘዴ አለ። ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ 85 ዴሲቤል አካባቢ ደርሳችኋል ወይም አልፋችኋል። ይህ በቀን ለ8 ሰዓት የሚመከረው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። የስልክ አፕሊኬሽንም ይጠቅማል። ቁጥሩ ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ የሞተር ዙር ከሥራው በፊትና በኋላ ብትለኩ ልዩነቱን በደንብ ያሳያችኋል። 10 ዴሲቤል ከቀነሳችሁ ጆሮ ድምፁ በግማሽ የወረደ ያህል ይሰማዋል።

ድምፁ በየት በኩል ነው የሚመጣው?

ጩኸት ወደ ተሳፋሪው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአየር ነው፣ ከሞተሩ አካል፣ ከአየር መሳቢያውና ከጭስ ማውጫው ይወጣል። ሌላው በአካል ነው፦ ሞተሩና ሻፍቱ የጀልባውን ቀፎ ያንቀጠቅጡታል፣ ከዚያ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ መቀመጫው ራሱ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ስፖንጅ የሚረዳው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛው ምንም አያደርግም።

ለመለየት ብር አያስፈልግም። ጀልባውን አጥብቃችሁ እሰሩና ማርሽ ሳታስገቡ ዙሩን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እዚህ ላይ የሚናጥ ከሆነ ችግሩ ሞተሩ ወይም የተቀመጠባቸው ጎማዎች ናቸው። ያለ ማርሽ ሰላም ሆኖ ማርሽ ሲገባና ጀልባው ሲሄድ ከጀመረ ሻፍቱን፣ ኩሽኔታውን ወይም ፕሮፔለሩን ጠርጥሩ። በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ መጥቶ ከዚያ በላይም በታችም የሚጠፋ ከሆነ አንድ ነገር ከሞተሩ ወይም ከፕሮፔለሩ ምት ጋር አብሮ እየተርገበገበ ነው፣ ይህንን የሚፈታው ያንን ነገር ማጠንከር ወይም ማክበድ ነው፣ አንዳንዴም ያንን ዙር ዘሎ መንዳት ብቻ። ሌላ ፈተና፦ ጀልባው እየሄደ የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ ዝጉት። ከፍተኛ ልዩነት ከሰማችሁ የአየሩ መንገድ ያይላል። ምንም ካልተለወጠ ወይ ክዳኑ ከንቱ ነው፣ ወይ ድምፁ በቀፎው በኩል እየመጣ ነው። እጃችሁን ወለሉ ላይ አድርጉ፣ ይነግራችኋል።

ፕሮፔለር፦ ማጽዳት፣ ማስተካከል ወይስ መቀየር?

መጀመሪያ ማጽዳት። ጣና ላይ ይህን ለመናገር ብዙ መድከም አያስፈልግም፣ እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠመው ነገር በዝቷል። የተጣለ የዓሣ መረብም አለ። ትንሽ ነገር ብትጠመጠም ሚዛኑን ታዛባለች፣ ሻፍቱ ማሸጊያ ጋ የገባ የናይለን ክር ደግሞ ማሸጊያውንም ይበላዋል። ትናንት ደህና የነበረ ጀልባ ዛሬ በድንገት ከተንቀጠቀጠ ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ታች እዩ።

ከጸዳ በኋላም ካልተወው አንዱ ክንፍ ታጥፎ ወይም ተቆርሶ ይሆናል። በመዶሻ ቀጥ ማድረግ መልክ ይመልሳል እንጂ ሚዛን አይመልስም። ሦስቱም ክንፎች እኩል ክብደትና እኩል ማዘንበል (ክንፉ ውሃውን የሚቆርጥበት ማዕዘን) ከሌላቸው ንዝረቱ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ሚዛን የሚያወጣ ባለሙያ ካላገኛችሁ አዲስ መግዛት ይሻላል።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ባለ 3 ወይስ ባለ 4 ክንፍ? ለሰው ማመላለሻ ባለ 4ን እመርጣለሁ። ጭነቱ በብዙ ክንፍ ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ምት ይለሰልሳል። ከፍጥነት ትንሽ ሊወስድ ይችላል፣ ለጎብኚ ጀልባ ግን ያቺ ትንሽ ፍጥነት ማንም አይናፍቃትም። ጭነት ለሚጭንና በናፍጣ ቁጠባ ለሚኖር ባለ 3 በቂ ነው። በሁለቱም በኩል የክንፉ ጫፍ ከቀፎው ያለውን ርቀት ለኩ። ቢያንስ የፕሮፔለሩን ስፋት 10 በመቶ፣ ቢቻል 15 በመቶ መሆን አለበት፤ 50 ሳንቲ ለሚሰፋ ፕሮፔለር ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ማለት ነው። ከዚያ ከጠበበ እያንዳንዱ ክንፍ ሲያልፍ ውሃው ቀፎውን ይመታዋል፣ ያንን ድምፅ ከላይ ሆኖ የሚያቆመው ነገር የለም። «ትልቅ ፕሮፔለር ብዙ ይገፋል» ብሎ ቦታው ከሚችለው በላይ ማስገባት የማልስማማበት ልማድ ነው።

ስለ ጣና አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ የሚያወጣውን ጉልበት እዚህ አያወጣም። ለባሕር ወለል ከፍታ የተመጠነ ፕሮፔለር እዚህ ሲመጣ ሞተሩን ያንቀዋል፦ ሙሉ ዙሩ ላይ አይደርስም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ያንኳኳል። ይህ ምልክት ካለባችሁ ማዘንበሉ አነስ ያለ ፕሮፔለር አንድ ሺህ ስፖንጅ ያስንቃል።

ሻፍቱን ማስተካከል

ከሁሉም አነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የካምቢዮው ፍላንጅና የሻፍቱ ፍላንጅ (በቡሎን የሚያያዙት ክብ ብረቶች) ፊት ለፊት ሲገጥሙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። መለኪያው ለ100 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዓይን አይታይም፣ በቀጫጭን የክፍተት መለኪያ ብቻ ነው የሚያዝ። ደግሞ ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ፣ ነዳጁና ዕቃው ተጭኖ፣ ቢቻል አንድ ቀን ካደረ በኋላ ይለካ። ደረቅ መሬት ላይ ቀፎው ቅርጹ ይለያል፣ እዚያ የተስተካከለው ውሃ ላይ ይዛባል። መሬት ላይ አስተካክሎ «ጨርሻለሁ» የሚላችሁን ሰው ውሃ ላይም እንዲደግምላችሁ ጠይቁት።

እዚህ ላይ የሚነሳው ምርጫ ጠጣር መገጣጠሚያ ወይስ በጎማ የሚለጠጥ? ሞተሩ በቀጥታ እንጨት ወይም ብረት ላይ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ጠጣሩ ይበቃል። ሞተሩ ጎማ ላይ ከተቀመጠ ግን ስለሚንቀሳቀስ የሚለጠጠው የግድ ነው፣ የሻፍቱ ማሸጊያም አብሮ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። የሚለጠጥ መገጣጠሚያ የተጣመመ ሻፍት መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑ። ጠማማውን ለጥቂት ጊዜ ይደብቃል፣ ከዚያ ጎማው ይበጣጠሳል። ጀልባው ሲወጣ ደግሞ ሻፍቱን ከፕሮፔለሩ አጠገብ ይዛችሁ ወዝውዙት፣ ከተንቀለቀለ በውሃ የሚለሰልሰው የጎማ ኩሽኔታ አልቋል።

የሞተር ጎማዎች፦ ምን ያህል ይለስልሱ?

ሦስት አማራጭ አለ። ያለ ጎማ ማሰር፣ ተራ የጀልባ ሞተር ጎማ፣ ወይም በጣም ለስላሳ ጎማ ከግፊት ተሸካሚ ኩሽኔታ ጋር።

ያለ ጎማ ማሰር ጥንካሬ አለው፣ ቀላል ነው፣ ሻፍቱም ቦታውን አይለቅም። ወፍራም የእንጨት ቀፎ ከሆነ ሊታገሡት ይችላሉ። በላሜራ ቀፎ ግን መከራ ነው።

ተራው ጎማ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው፣ ግን ልኩ ወሳኝ ነው። ቀላል ሒሳብ ልስጣችሁ። ሞተሩ ሲቀመጥበት ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰምጥ ለኩ። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 800 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 27 ጊዜ ያህል ይመታል። ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሰመጠ ከምቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ቀፎው ያልፋል። 4 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ የሚያልፈው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በተግባር ጎማ ከዚህ ትንሽ ይደድራል፣ የንጽጽሩ አቅጣጫ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለከባድ ሞተር የተሠራ ጎማ ለቀላል ሞተር መግዛት «ጠንካራ ነው» ተብሎ የሚወደስ ነገር አይደለም፣ ምንም አይሠራም ማለት ነው። ባለ 1 ወይም ባለ 2 ሲሊንደር ሞተር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ምታቸው ዝግ ያለ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ለስላሳ ጎማ ላይ ይዘላሉ። ለእነሱ ሥራ ፈት ዙሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ጎማ ከመቀያየር ይበልጣል።

ሦስተኛው አማራጭ የፕሮፔለሩን ግፊት ሞተሩ እንዳይሸከም ያደርጋል። ግፊቱን ቀፎው ላይ የታሰረ ኩሽኔታ ይቀበለዋል፣ ከዚያ እስከ ካምቢዮው በሁለት መጋጠሚያ የሚታጠፍ አጭር ሻፍት ይሄዳል፣ ሞተሩም እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ዝምታው የሚያስደንቅ ነው። ወጪውና ኩሽኔታውን የሚሸከም ጠንካራ ብረት ቀፎው ላይ መሥራት ግን ቀላል አይደለም። አዲስ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ያስብበት፣ ለአሮጌ ጀልባ አልመክርም።

የመኪና ጎማ ቆርጦ ከሥር ማስቀመጥስ? ውስጡ ሽቦና ክር ስላለ ይደድራል። ደግሞ ሁለቱን ወገን የሚያያይዘው ቡሎን በመሐል ካለፈ ንዝረቱ በብረቱ በኩል ይሻገራል፣ ጎማው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ገዝታችሁ ስትገጥሙም ናፍጣና ዘይት አታስነኩት፣ ያብጥና ይበሰብሳል።

ጭስ ማውጫ

ደረቅ ማውጫ ከማርሚታ ጋር፣ ወይስ ውሃ የሚቀላቀልበት? ውሃው ጭሱን ያበርደዋል፣ ድምፁንም ይውጠዋል፣ ቱቦውም ከብረት ይልቅ ጎማ ሊሆን ስለሚችል ንዝረት አያስተላልፍም። በድምፅ ጉዳይ ውሃው ያሸንፋል፣ ብዙም አያከራክርም። ጣጣው ሌላ ነው፦ ሞተሩ ከውሃው መስመር በታች ከሆነ ሲጠፋ ውሃ ተመልሶ ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ የውሃ ማቆሪያ ማርሚታና የውሃውን ስበት የሚሰብር ቫልቭ ያስፈልጋል። ጥልቀት በሌለውና እምቦጭ ባለበት ዳርቻ የውሃ መሳቢያውም ይደፈናል። ማጣሪያውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ከሌላችሁ ደረቁ ላይ ቆዩ።

ደረቅ ከሆነ ትልቅ ማርሚታ አድርጉ፣ ከሞተሩ ሲወጣ የሚተጣጠፍ የብረት ቱቦ አስገቡ፣ ጣሪያው ላይ የሚታሰርበትንም በጎማ አንጠልጥሉ። ብዙ ጊዜ ጣሪያው የሚጮኸው ቱቦው በላሜራ ስለተበየደበት ነው። ዙሪያውን ሙቀት በሚችል መጠቅለያ ሸፍኑ። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ ግን ጩኸቱን ተዉትና እሱን ዛሬውኑ አሠሩ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የገባ ጭስ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ስፖንጁ

የሞተር ሳጥን ሁለት ሥራ አለው፦ ድምፁን ማገድና ውስጥ ያለውን መምጠጥ። የሚያግደው ክብደት ነው። የግድግዳውን ክብደት በእጥፍ ብታሳድጉ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ። ስፖንጅ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ አያግድም፣ ስለታም የሆነውን ድምፅ ብቻ ይመጥጣል። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ብቻውን ከወፍራም ስፖንጅ ብቻውን ይሻላል፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ደግሞ ይበልጣሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ዕቃ በሁለት ስፖንጅ መካከል ከባድ የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው ነው። ካላገኛችሁ ኮምፔንሳቶ ከውጭ፣ የድንጋይ ሱፍ ከውስጥ፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ላሜራ። የድንጋይ ሱፍ አይቃጠልም፣ ዋጋውም ይቻላል። ውሃና ዘይት እንዳይጠጣ ግን በስስ ፊልም ጠቅልሉት።

የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም። ናፍጣ ይጠጣል፣ እሳት ሲነካው በደቂቃ ይያያዛል፣ ጭሱ መርዝ ነው። ሐይቅ መሐል የሚያጠፋላችሁ የለም። የእንቁላል ካርቶንም ይቃጠላል፣ ድምፅም አያግድም።

ቀዳዳ ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል። ከሳጥኑ ገጽ አንድ በመቶ የሚሆን ክፍተት ካለ፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ አታተርፉም። ስለዚህ ከንጣፉ በፊት የክዳኑን ዙሪያ በለስላሳ ጎማ ዝጉ፣ ቱቦና ገመድ የሚያልፍበትን ድፈኑ። ሞተሩ ግን መተንፈስ አለበት፣ በሳሳ አየር ላይ ደግሞ ይበልጥ። የአየር መግቢያውን ሰፊ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ጊዜ በሚታጠፍና ውስጡ በድንጋይ ሱፍ በተሸፈነ መተላለፊያ አስገቡት፣ አየሩ ይታጠፋል፣ ድምፁ ይቀራል። ሳጥኑ ሞተሩን ወይም ሞተሩ የተቀመጠበትን ብረት እንዳይነካ።

የላሜራ ቀፎ ያላችሁ በሬንጅ የተሠራ ከባድ ንጣፍ በሰፋፊ ቦታዎች መሐል መለጠፍ ትችላላችሁ። መሐሉ ነው የሚርገበገበው፣ ዳር ዳሩ ላይ መለጠፍ ብክነት ነው። የእንጨት ቀፎ ይህን አይፈልግም።

ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ወይስ ቀስ ማለት?

ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ቀላልና ለጥገና የሚመች ነው፣ ግን ይጮሃል፣ ዘይትም ሐይቁ ውስጥ ይተዋል። ባለ አራት ምቱ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ በዝቅተኛ ዙር ግን ወፎቹን ሳያስበረግግ ይሄዳል። ለጎብኚ የምትሠሩ ከሆነ ልዩነቱ ዋጋውን ያወጣል።

ኤሌክትሪክ ከሁሉም ዝም ያለው ነው። ገደቡ ባትሪው ነው። በሰዓት 10 ሊትር ናፍጣ የሚበላ ሞተር ለሻፍቱ የሚያደርሰው 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ያንኑ ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ለመያዝ ባትሪውም ያንን ያህል መሆን አለበት፣ መልስ ጉዞው ሳይቆጠር። ከከተማው ዳርቻ ብዙ ለማይርቅ አጭር ጉዞ ዛሬም ይሠራል። ደቅ ደሴት ደርሶ መልስ ግን ገና ነው።

ምንም የማይከፈልበት ምርጫም አለ፣ ፍጥነት መቀነስ። ውሃ እየገፋ ለሚሄድ ጀልባ የሚያስፈልገው ጉልበት በግምት ከፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ጩኸቱም ናፍጣውም አብረው። የአንድ ሰዓት መንገድ 15 ደቂቃ ይረዝማል። ለተሳፋሪ አስቀድማችሁ ብትነግሩ የሚቃወም ብዙ አይመስለኝም።

መርከብ ላይ ለምትሠሩ

ባሕር ዳርና ባቦጋያ ባሉት የመርከበኛ ማሠልጠኛዎች ሠልጥናችሁ በሞተር ክፍል የምትውሉ ወንድሞችና እህቶች ዕቃውን የመምረጥ ዕድል የላችሁም። ትልልቆቹ ዝግ ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች በጎማ ላይ አይቀመጡም፣ በቀጥታ ከመርከቡ ጋር ነው የሚታሰሩት፣ ስለዚህ ንዝረቱ እስከ መኝታችሁ ይመጣል። ምርጫችሁ የጆሮ መከላከያው ነው። የጆሮ ውስጥ መሰኪያ ቀላልና ለሙቀት የሚመች ነው፣ ግን በቆሸሸ እጅ ከተጠቀለለና በትክክል ካልገባ ጥበቃው በጣም ይቀንሳል። ከላይ የሚደፋው ቶሎ ይወልቃል፣ ቶሎ ይለበሳል፣ መነጽር ካደረጋችሁ ግን በክንዱ በኩል ድምፅ ያስገባል። 110 በሚደርስ ክፍል ውስጥ ረጅም ሥራ ካለባችሁ ሁለቱንም አብራችሁ አድርጉ።

ጣና ላይ ለሚነዳ ሰው የሚደፋውን እመርጣለሁ፣ ከተሳፋሪ ጋር ለመነጋገር በአንድ እጅ ማንሳት ይቻላል። የሞተሩ ሙቀትና የዘይት ማስጠንቀቂያ በድምፅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን መሪው ፊት ቀይ መብራት ጨምሩለት፣ ጆሮው ተሸፍኖ ላይሰማው ይችላል።